ፈንታዬ የሣለችው ሃይፐርቦላ

የሒሳብ መምህሩ በላቸው በጠመኔ ዱቄት ያሸውን ክር ከጥቁር ሰሌዳው ራስ እስከ ግርጌው ወጥሮ ያዘ። የታችኛውን ጫፍ ክንዱ የሚባለው ተማሪ ተንበርክኮ በአውራ ጣቱ ተጭኖለታል። በላቸው መሃሉን ሳብ አድርጎ ሲለቀው ክሩ ጧ ብሎ ሰሌዳውን መታና ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ጥሎ ተነሣ። ሁለት ሁለት ጣት እየለካ እንዲህ ቁልቁል ሃያ፣ አግድም አሥራ አራት መስመር ጣለ። ባለካሬ ወረቀት ለጎንደር አልደረሰም ነበርና ተማሪዎቹም በየወረቀታቸው ካሬውን በማስመሪያ ያሰምሩ ነበር። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት፣ ወሩ የካቲት ነው።

በላቸው በጠዳ አጠገብ የተወለደ የመሪጌታ ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ከቆየ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገባና በመምህራን ማሠልጠኛ ከአንድ ህንዳዊ አስተማሪ ሒሳብ ተማረ። የቅኔ ቤቱ ነገር ግን ከአፉ አልጠፋም። የሒሳቡን ደንብ ሁሉ ቤት እየመታ ይገጥመዋል፤ ተማሪዎቹም በዜማ ይሉታል። እንቁላል የመሰለውን ኢሊፕስ ሲያስተምር እንዲህ ብሎ ገጥሞ ነበር፦

«ትልቁ ቁጥር ከሥሩ የተኛለት፣
በዚያ በኩል ነው ሥዕሉ የሚረዝምለት።»

ግጥሙ ስለተወደደለት ከሰሌዳው ጥግ ጽፎ ለሃይፐርቦላም ያንኑ አዋለው። ሃይፐርቦላ ጀርባ ለጀርባ የተሰጣጡ ሁለት ቅስቶች ናቸው፤ ወይ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፣ ወይ ወደ ላይና ታች። የዚያን ቀን የጻፈው ኤክስ ካሬ ለአራት ተካፍሎ፣ ከዚያ ላይ ዋይ ካሬ ለዘጠኝ ተካፍሎ ሲቀነስ፣ አንድ የሚመጣበትን ነው። ዘጠኝ ከአራት ይበልጣል፤ ዘጠኙ ያለው ከዋይ ሥር ነው። ስለዚህ በላቸው ሁለቱን ቅስቶች ወደ ላይና ወደ ታች ከፍቶ ሣላቸው።

ከኋላ ወንበር ፈንታዬ ተነሣች። ከከተማው ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው የወለቃ መንደር ልጅ ናት፤ እናትና አባቷ ከቤተ እስራኤል ወገን ናቸው፤ እናቷ ሸክላ ትሠራለች። ከሠላሳ አንዱ ተማሪዎች መካከል ሴቶቹ ሦስት ናቸው፤ ከወለቃ የመጣችው ግን እሷ ብቻ ናት።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በኤክስ ቦታ ዜሮ ባስገባ የዋይ ካሬ ከዜሮ በታች ዘጠኝ ይወጣል። ራሱን በራሱ ሲያበዙት ከዜሮ በታች የሚሆን ቁጥር የለም ብለውናል። ታዲያ ሥዕሉ ቋሚውን መስመር በየት አግኝቶ ይቆርጠዋል? እኔ ወደ ጎን ነው የሣልኩት።»

ቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር መምህሩን በሰው ፊት አያርምም። በላቸው ጥያቄዋን እንኳ አጥርቶ አልሰማውም፤ የሰማው መታረሙን ነው።

«እስቲ አሳዪኝ» አለ። ወረቀቷን ከፍ አድርጋ ያዘች። ቅስቶቿ ወደ ግራና ቀኝ ተኝተዋል።

«ሁለት ገንቦ ቂጥ ለቂጥ አጋድማ!» አለ ክንዱ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

በላቸው ክንዱን መገሠጽ ሲገባው፣ «ቁጥር እንደ እናትሽ ጭቃ በእጅ የሚለወስ መሰለሽ?» አላት። ሳቁ በረታ። ፈንታዬ ወረቀቷን በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እስኪደወልም ቀና አላለችም። በማግሥቱ ሐሙስ ወንበሯ ባዶ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በላቸው ረቡዕ የሰበሰበውን የተማሪዎቹን ሥራ ሲያርም የፈንታዬ ወረቀት ደረሰው። የተሳሳተችበትን ቦታ በቀይ ቀለም ሊያሳያት ፈልጎ ቅስቷ አግድሙን መስመር የሚነካበትን ነጥብ ወስዶ በኤክስ ቦታ ሁለት፣ በዋይ ቦታ ዜሮ አስገባ። በትክክል አንድ መጣለት። እሱ ሰሌዳው ላይ የሣለውን ነጥብ ሲያስገባ ግን ከዜሮ በታች አንድ ወጣ። ደጋግሞ ሠራው፤ ያው ነው። የድሮ ደብተሩን ከሣጥን አውጥቶ ገለጠ። ህንዳዊው ያስጻፈው ቃል በገዛ እጅ ጽሕፈቱ ተቀምጧል፤ በሃይፐርቦላ የሚታየው የቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን የመቀነስ ምልክት የሌለበት ወገን ነው። ያን ለመግጠም ሰንፎ ነበር። ቀዩን ቀለም መልሶ ከደነው።

ነገሩም የሚዘገይ አልነበረም። ለመልቀቂያ ፈተና የሚቀመጡት ተማሪዎች ዝርዝር ሰኞ በማኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በስሙ አንጻር በእጁ ያልፈረመ ተማሪ ዘንድሮ አይፈተንም። ፈንታዬ ከሐሙስ ጀምሮ ስለቀረች አልፈረመችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቷን ይዞ በእግሩ ወለቃ ወረደ። ቀኑ ሰንበታቸው ስለሆነ በመንገዱ ዳር የተደረደረ ሸክላ አልነበረም። የፈንታዬ አባት አያ ይባረክ ነጭ ለብሰው ከደጃቸው ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩት ተነሡ። በእምነታቸው ከሌላ ሰው ጋር ስለማይነካኩ ራቅ ብለው እጅ ነሡ።

«ሰንበት ሰላም፣ አያ ይባረክ። እኔ የፈንታዬ መምህር ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት? ምነው ጌታው፣ በእግርዎ! ሰው ልከው ቢያስጠሩኝ እኔ እመጣ የለም?» አሉና አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ ነግራኛለች።»

በላቸው ወረቀቱን በእጁ ጠቀለለው። «ምን ብላ?»

«ቁጥሩ ከብዶኛል፣ መምህሬ የሚሉት ልክ ነው፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ አለች። በሰው ፊትም አጉል ተናግራዎታለች አሉ። ይማሯት፣ ልጅ ናት። ያን ያህል ጊዜ ደከሙላት፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።»

በበሩ ጥግ የፈንታዬ ቀሚስ ጫፍ ታየው። ቆማ እየሰማች ነው። «እሷ ልክ ናት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበረበት። ሌላ ቃል አያስፈልገውም። አፉን ከፈተ።

«አይ፣ ሸጋ ልጅ ናት» አለ።

«ታዲያ ለምን ደከሙ?»

«ወደ ኮሶዬ ሳልፍ ነው።»

«ያ የያዙት ወረቀትስ?»

«ለኮሶዬ ሰው የማደርሰው ነው።»

«እንግዲያ ፀሐይ ሳይበረታብዎ» አሉና መንገዱን በእጃቸው አመለከቱት። ቆመው ያዩት ስለነበር በላቸው ወደ ከተማው ሊመለስ አልቻለም። ጉዳይ ወደሌለው ወደ ኮሶዬ አቅጣጫ ዳገቱን ተያያዘው። መታጠፊያው ላይ ዞር ቢል ሽማግሌው ገና እጃቸውን ያነሣሉ። ከኮረብታው ጀርባ ድንጋይ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ፣ ኋላ ሰው በማያየው የእርሻ መሃል ቀጭን መንገድ ወደ ቤቱ ገባ። እሑድ ወደ መቅደሱ መቅረብ ከብዶት ከደጀ ሰላሙ ቆሞ አስቀደሰ። «ከቅዳሴ በኋላ ወለቃ እሄዳለሁ» ብሎ ነበር፤ ሲመሽ «ሰኞ በጠዋት» አለ።

ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግጥሙን ከሰሌዳው አጠፋ። «ይህ ለኢሊፕስ ብቻ ነው። በሃይፐርቦላ የምታዩት ምልክቱን ነው» አለና የረቡዑን ሥዕል ወደ ግራና ቀኝ ከፍቶ እንደገና ሣለው።

ክንዱ እጁን አነሣ። እንደ ልማዱ አልቀለደም። «መምህር፣ እንግዲያው ፈንታዬ ልክ ነበረች ማለት ነው?»

በላቸው ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል አሽከረከረው።

«ጻፉ» አለ። «ደወሉ ሳይደርስ ጻፉ።»

በዕረፍት ሰዓት ዳይሬክተሩ ከቢሮው በር ላይ አገኘው። «የወለቃዋ ልጅ ቀረች?» ሲለው፣ በላቸው «ማኪናው እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብሎ ጠየቀ። «እስከ ስድስት» አለው። አራት ሰዓት ገና መደወሉ ነው፤ በላቸውም እስከ ስድስት ክፍል የለውም። ፈጥኖ ቢሄድ ልጅቱን ይዞ ይመለሳል። ባርኔጣውን አደረገ። ከግቢው ወጥቶ የደባርቅ መንገድ እስከሚጀምርበት ድረስ ሄደ። እዚያ ሲደርስ አያ ይባረክ «ኮሶዬ ደርሰው መጡ?» ሲሉት ታየው፤ ከዚያም እሱ ለልጅቱ በአባቷ ፊት ማለት ያለበት ታየው። አንድ ገበሬ ሁለት አህያ እየነዳ እስኪያልፍ ጥግ ይዞ ጠበቀ። ገበሬው አለፈ፤ መንገዱ ባዶ ሆነ። በላቸው ትንሽ ቆመና ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ።