የቀኛዝማቹ በርና የእኔ ሹመት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ የድንጋይ በር ቆሟል። በር ብቻ። ግቢው የለም፣ አዳራሹ የለም፤ በአብዮቱ ጊዜ ቆርቆሮውም ጣውላውም ተዘርፎ አለቀ። የቀረው ከላይ በቀስት የተገጠመው ጥርብ ድንጋይና ግራና ቀኝ እንደ ጉንጭ ያበጡት ሁለት ክብ ቤቶች ናቸው። የቀዬው መንገድ ዛሬም በቀስቱ ሥር ያልፋል።

የቀኙ ቤት ባለጉዳይ የሚጠብቅበት ነበር፤ በግድግዳው ዙሪያ የድንጋይ መደብ አለው፣ መስኮት ግን የለውም። ግንበኛውን "ምነው መስኮት የለውም?" ቢሉት፣ "ደጅ ጠኚ ምን ያያል?" አለ አሉ። የግራው ቤት መስኮት ነበረው። እዚያ የምኖረው እኔ ነበርሁ፤ በረኛው።

ጌታዬ ቀኛዝማች ነበሩ። እኔም ቅኔ ቤት ገብቼ ያቋረጥሁ ሰው ነኝና ለራሴ ማዕረግ ሰጠሁ፤ "ደጁን የማዘው እኔ፤ ስለዚህ ደጃዝማች እኔ!" አልሁ። ሰሙ ሹመት፣ ወርቁ በረኛ። በማዕረግ ጌታዬን በለጥኋቸው ማለት ነው። ከሽንዲ ድረስ አቤት ሊል የመጣውን ገበሬ "ጌታው ተኝተዋል፣ ነገ ተመለስ" ስለው ሹመቱ እውነት ይመስለኝ ነበር። ቀን ተኝተው አያውቁም እኮ። መነሣት የሰነፍሁ እኔ ነበርሁ።

አብዮቱ ሲመጣ ቀኛዝማቹ ሄዱ፣ የግራው ቤት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ፣ ለእኔም ከወንዙ ዳር ጥቁር አፈር ደረሰኝ። ስሙ ግን አብሮኝ ቀረ። ሰንበቴ ላይ "ደጃዝማች ይለፉ!" ይሉኛል፤ ጋቢዬን ወደ ኋላ ጥዬ አልፋለሁ። ቀበሌ ሲመዘግብም "ደጃዝማች በል" አልሁት። ጸሐፊው እየሳቀ ጻፈ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ መሬት ሊደለደል ነው ተባለ። ስብሰባው በሩ ሥር ሆነ። አንድ ጃኬት የለበሰ ወጣት ካድሬ፣ አራት ጥማድ ብቻ የሚተውላቸውን የፊውዳል ርዝራዦች ስም ማንበብ ጀመረ። "ደጃዝማች" ሲል ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ምን ያስቃል?" አለ ካድሬው። "የእኒህ ሰው ትርፍ መሬት ለእናንተ ነው የሚከፋፈለው።"

ሳቁ ቆመ።

"ኧረ ልጄ፣ እኔ በረኛ ነበርሁ!"

"አንቱ ደጃዝማች አይባሉም?"

"እባላለሁ።"

"ማን ሾመዎት?"

"እኔው ራሴ።"

ማንም አልሳቀም። "በረኛ ነበሩ ብሎ የሚመሰክር አለ?" ብሎ ካድሬው ጠየቀ። ሠላሳ ዓመት በቀልዴ የሳቀው ድንበርተኛዬ የጫማውን ማሠሪያ ሊያስር ጎንበስ አለ። የላስቲክ ጫማ ነበር፤ ማሠሪያ የለውም።

የሚወሰደው ያ ጥቁር አፈር ነበር፤ ልጃችንን ስንድር ልንቆርስላት ያሰብነው። ሚስቴ "ሂድና ያንን ስምህን አውልቀህ ና" አለችኝ። ሄጄ በቀኙ ቤት መደብ ላይ ተቀመጥሁ። እውነትም ምንም አይታይም።

"ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ" አለኝ ዘበኛው። ስብሰባ! እኔ እኮ የማውቀው እንቅልፍን ብቻ ነበር። በአምስተኛው ቀን "ማን ልበላቸው?" አለኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ነገርሁት። ዝርዝሩን በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደው።

"እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ቀበሌ የለም፣ አባቴ።"

መደቡ ላይ አብረውኝ የሚጠብቁት የቀዬው ሰዎች አቀረቀሩ። ጋቢዬን አስተካከልሁ።

"ደጃዝማች በላቸው።"

"እንዲያ ይበሉ እንጂ!" ብሎ አስገባኝ። ኃላፊው ቀና ሳይሉ፣ "በራስዎ አፍ ደጃዝማች ነኝ እያሉ አቤቱታው ምንድን ነው?" አሉኝ።

ጥቁሩ አፈር ለሌላ ተሰጠ። ክረምቱ ሲወጣ ልጄ ፍኖተ ሰላም ሰው ቤት ልትሠራ፣ ጨርቋን ጠቅልላ በቀስቱ ሥር አለፈች። ስንቱን "ነገ" እያልሁ የመለስሁ ሰውዬ፣ ያን ዕለት ቃሉ ከአፌ አልወጣም።