መስኮት ዳር የተቀመጡት ሴትዮ

ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ፊታቸውን ወደ አውሮፕላኑ መስኮት አዙረዋል። የለበሱት ካፖርት የሌላ ሰው እስኪመስል ሰፍቷቸዋል። ሳሉ ሲመጣባቸው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁን ግን እንደ ምንም አፍነው ይውጡታል። ገና ረጅም መንገድ ይቀረናል። እኔም ትንፋሼን እየቆጠብኩ ወደ መተላለፊያው ተጠጋሁ።

ከፊታችን ያለችው ወጣት እናት ሕፃኗን በወንበሯ ጀርባ አሻግራ፣ "እማማ፣ ወተቱን እስካዘጋጅ አንዴ ይያዙልኝ" አለቻቸው። ሕፃኑ ሳቀላቸው። እጃቸው ሳያስቡት ተዘረጋ፤ ወዲያው መልሰው ሰበሰቡት።

"አልይዘውም ልጄ፣ አርቂው። ቲቢ ይዞኛል" አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። "መድኃኒት ከጀመርኩ ገና ሳምንቴ ነው። ልጄ ልትወልድ ነው ሲሉኝ አንጀቴ አልችል አለኝ።"

አስተናጋጇ ጭንብል ሰጥታ ከኋላ ወዳሉት ባዶ ወንበሮች ወሰደቻቸው። ሲያልፉ "ይቅር በለኝ" አሉኝ። የሌለብኝ ሳል ጉሮሮዬን በላኝ።

ወርደን የኤርፖርቱ መውጫ ጋ ስንደርስ አንዲት ነፍሰ ጡር እጆቿን ዘርግታ ወደ እሳቸው ስትሮጥ አየሁ። ሴትዮዋ ሻንጣቸውን በመካከላቸው አቆሙ።

"እዚያው ቁሚ!" አሉ፣ እንባቸው እየወረደ። "ከሩቅ ልይሽ።"