የአባቴ መሐላና የወፍጮው ሞተር

ናፍጣ የሸተተኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ደረቴን ያፍነኛል። ሰው ማደያ ገብቶ ቀድቶ ይወጣል፤ እኔ የመኪናውን መስኮት ዘግቼ ዲላ፣ የልጅነት ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ጊዜው የጃንሆይ ነው። ዝናቡ ማባሪያ የለውም፤ ቀዩ ጭቃ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ የግቢያችን በር ላይ ደግሞ አንድ ያረጀ ጂፕ አፍንጫውን ወደ ውስጥ፣ ጭራውን ወደ መንገድ አድርጎ ተወትፏል።

ጂፑ የአባቴ ነው። በገበያ ቀን ከፍስሐ ገነት ሰውና ቡና ያመላልስበት ነበር። ለከተማው ሰው አቶ ደምሴ ነው፣ ለእኔ አባባ፤ ኩራቱ ግን ለሁላችንም አንድ ነው። እናቴን አስካለን ከመንዝ አግብቶ ካመጣት ወዲህ አገሯን አይታ አታውቅም። አንድ ነጋዴ ከዚያ መጥቶ፣ እናትሽ ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ ጨርሶ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ልያት ይላሉ ብሎ ነገራት። ያን ቀን እናቴ ሽሮ አሳረረች። የእሷ ሽሮ አርሮ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ሆነ። ጠላው ከወረደ በኋላ አንዱ ማኅበርተኛ አባቴን ይነካካው ጀመር፤ ይህች ጂፕህ ከፍስሐ ገነት ሌላ መንገድ አታውቅም፣ ይልቅ ምስኪኗን በአውቶብስ ስደዳት እያለ። ሰው ሳቀ። አባቴ ብድግ አለና፣ “ሚካኤልን! አስካለ እናቷ ደጅ የምትወርደው ከገዛ መኪናዬ ነው እንጂ የሰው አውቶብስ አትረግጥም!” አለ። የእኔ ዘመን ልጆች ታውቁታላችሁ፤ የታቦት ስም ከተጠራ በኋላ ወዲህ ወዲያ የለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ሚካኤልም ሰምቶት ነው መሰል፣ ሳምንት ሳይሞላ የጂፑ ሞተር ነከሰና ቀጥ አለ። ጎረቤት ተጠርቶ እየተገፋ ሲገባ የፊት ጎማዎቹ አለፉ፣ የኋላዎቹ በሩ ላይ ሰመጡ። በዚያው ቀረ። ክረምቱም ገባ።

የቤንዚን ሞተር ፈልጎ አጣ። ከከተማው ዳር ግን የተዘጋ ወፍጮ ቤት ነበርና የናፍጣ ሞተሩን ገዝቶ በጋሪ አስመጣው። ድንጋይ ያዞረ ሞተር ጎማ ማዞር ያቅተዋል ወይ ነበር ክርክሩ። ጋሽ በራሶ፣ ጌዴኦው ጎረቤታችን፣ ሦስት ግንድ አቁሞ ሞተር ማንሻ ካቴና አንጠለጠለለት። ጋሽ በራሶ የሚሲዮን ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ አይምልም። ካቴናውን እየሳበ፣ ጋሽ ደምሴ፣ የሰው ቃል አዎ ከሆነ አዎ ነው፣ ታቦቱን ምን አስነካህ ይለዋል። አባቴ ቺያቤ አቀብለኝ፣ ይህን ብሎን ልፍታበት ብሎ ወሬውን ይቆርጠዋል።

የወፍጮው ሞተር ከብዶ የጂፑን አፍንጫ ጭቃ አስነካው። የሞተሩ እግር አልገጥም አለ፤ ተቆርጦ ተበየደ። ከማርሹ ካምቢዮ ጋር አልገናኝ አለ፤ እንደገና ወረደ። ኮፈኑ አልዘጋ ሲል አባቴ መሀሉን በስቶ የጭስ ማውጫውን ወደ ሰማይ አቆመው። ጠዋት ጠዋት እናቴ ዛሬስ ትለዋለች፤ እሱ ከጂፑ ሥር ሆኖ ትንሽ ቀረው ይላታል። ትንሽ ቀረው የሚለውን ቃል የጠላሁት ያን ጊዜ ነው፤ ዛሬም ሠራተኛ ቢለኝ ደሜ ይፈላል።

በጂፑና በአጥሩ መካከል የነበረችው ቀዳዳ እኔን ታሳልፋለች። እናቴን በጎኗ ሆና፣ ሆዷን ሰብስባ፣ በመከራ ነው። አንድ ቀን ለቅሶ ልትደርስ ነጭ ለብሳ ገባችበት፤ ነጠላዋ ከዳር እስከ ዳር የጂፑን ጥቁር ግራሶ ጠጥቶ ወጣ። ተመለሰች፣ ነጠላውን አወለቀች፣ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ገበያም፣ ጠበልም፣ ጎረቤትም ቀረ። ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ቡና ትለቅማለች፤ ዓይኗ ግን ጂፑ ላይ ነው። እኔ ሰኞ ማክሰኞ የምጫወትበት መሬት ሁሉ ጭቃ ሆኖ አጠገቧ ኩርምት ብዬ እውላለሁ። ያቺ በረንዳ እስር ቤት ሆነችብኝ።

ለምን ዝም ብለሽ በአውቶብስ አትሄጂም አልኳት አንድ ቀን። ልጅ ምን ያውቃል።

“እኔ ብሄድ ሚካኤል የሚቀስፈው እሱን ነው” አለችኝ። “ብቀርም የእናቴ ዓይን ሳያየኝ ይጨልማል። የቱን ልምረጥ?”

ዝናቡ ቀለል ባለ ሰሞን ሞተሩ ተነሣ። ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቹ ጓሮ ገቡ። አባቴ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት አበራ። ጎረቤት ገፍቶ ከጭቃው ካወጣለት በኋላ እናቴን ከፊት፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ ለሙከራ እዚያው ቅርብ ወዳለችው መንደር፣ ወደ ጪጩ ነዳ። ነዳ ማለት ይከብዳል፤ አህዮች ይቀድሙን ነበር። ሞተሩ እንደ ልማዱ ቱክ ቱክ ቱክ እያለ ሰፈሩን ይጠራል፤ ወፍጮ ሌላ ምን ቋንቋ ያውቃል? ጪጩ ስንደርስ ሴቶች በቆሎ በስልቻ፣ ገብስ በቁና ይዘው መንገድ ዳር ተሰልፈዋል። አንዲት እናት መስኮቱ ድረስ መጥታ፣ “ጌታዬ፣ ወፍጮው የት ሊቆም ነው?” አለችው።

እናቴ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜ ሆኖ ነበር! ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። ቆይቼ ሳያት እያለቀሰች ነው። የቱ ላይ ሳቁ እንዳለቀ አላወቅሁም። አባቴም አይቷታል። መኪናውን አዞረ።

ቤት እንደገባን እጁን በላምባ ታጥቦ የነፍስ አባቱ ዘንድ ሄደ። መሐላውን ፍቱልኝ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ ስግደትና ጾም ሰጥተው ፈቱት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ አውቶብሱ ድረስ ወሰደን። ያ ኩሩ ሰውዬ፣ ያ የማለ ሰውዬ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሻንጣ ተሸክሞ።

ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሣ አባቴ እናቴ መስኮት ሥር መጥቶ ቆመ።

“አስካለ፣ ትመለሻለሽ?”

ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ከጂፑ ሥር ተኝቶ ይፈራው የነበረው ይኸው ነው። እናቴ ብዙ አየችው።

“መጀመሪያ ልሂድ፣ ደምሴ” አለችው። በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

መንዝ ስንደርስ አያቴ እናቴን ክንዷን ይዛ ወደ ብርሃን አወጣቻት፤ አገጯን ቀና አድርጋ ፊቷን ስታየው ቆየችና ከስተሻል አለቻት። ታይቷታል ማለት ነው። እናቴ እዚያው ጎንበስ ብላ የአያቴን ጉልበት ሳመች። ለጥምቀት ዲላ ተመለስን፤ አባቴ አውቶብስ ማቆሚያው ላይ ነበር። ስንት ቀን እየመጣ እንደጠበቀን አልጠየቅነውም።

አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፣ ስልኩ በየኪሱ ነው፣ በሚካኤል የሚምልም እንደ ድሮው የለም። አምና ልጄ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘች። እኔ ደግሞ ሹፌሮቹ እብድ ናቸው፣ ዝናቡ ይለፍ፣ አጎትሽ መኪናውን አስጠግኖ ያድርስሽ እያልኩ ሳምንት ጨመርኩባት፣ ሁለተኛ ሳምንት ልጨምር ስል ዓይኗን አየሁት። እናቴ ሰፌዱን ይዛ የምታየው ዓይን ነበር። በማግስቱ በአውቶብስ ሸኘኋት። መስኮቷ ሥር ቆሜ የአባቴ ጥያቄ ምላሴ ላይ ደረሰ፤ እሱን ትቼ፣ ሂጂ ልጄ፣ በደንብ ብዪ አልኳት። ማታ ማታ ትደውላለች። በላሽ ወይ እላታለሁ፣ በርዶሻል ወይ እላታለሁ፣ ሌላውን ግን እስካሁን አልጠየቅኋትም።