የመርፌ ራስ ምታት

በልብስ ስፌት ቤቱ ሁሉም «መርፌ» ይላታል። ቅጥነቷንም የእጇን ሙያም ያየ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሥራዋ የሱፍ ኮት መዘምዘም ነው፤ ቀኑን ሙሉ አቀርቅራ፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር።

ራሷን ሲያማት መጀመሪያ ማጅራቷን ጨምድዶ ይይዛታል፤ ከዚያ ወደ ግንባሯ ወጥቶ እንደ ቀበቶ ይጠብቃል። ሌላ ሰው «ድካም ነው» ብሎ ይተወው ነበር። መርፌ ግን ታላቅ እህቷን ቀብራለች። እህቷ «ራሴን፣ ራሴን» ስትል ከርማ፣ አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች ወደቀች፤ በዚያው ቀረች።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። «መሪ ይዞ ሐሳብ እንዳይገባው» ብላ አልነገረችውም። እውነቱ ግን፣ ከአፏ ከወጣ የሚደርስ መስሏት ነው። ማስታገሻ ክኒን በቦርሳዋ ይዛ መዞር ጀመረች። ኋላ ኋላ ሳያማትም «እንዳያመኝ» እያለች ትውጥ ነበር። ውኃ አትጠጣም፤ ሽንት ቤቱ ምድር ቤት ስለሆነ አለቃዋ «ደግሞ ወረድሽ?» ይላታል። ቁርሷም ባዶ ሻይ ነው።

አንድ ቀን ክሩ አልገባ አላት። ደጋግማ ሞከረች። «በቃ፣ መጣ» አለች በሆዷ።

አጠገቧ ቁልፍ የምትተክለው ሴትዮ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል። ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል በሽታ የለም። ተነሺ!»

ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። መርፌ ገና ሳትቀመጥ፣ «ልትወጊኝ ነው?» አለቻት ሐኪሟን። ቁልፍ ተካይዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ጉድ እኮ ነው! መርፌ መርፌ ትፈራለች።»

ሐኪሟ የደም ግፊቷን ለካች፤ ዓይኗን በባትሪ አየች፤ ጣቴን ጨብጪ፣ ተራመጂ አለቻት። «ድንገት እንደ መብረቅ የመጣ ሕመም አለ? ማስመለስ? ዓይን ድንገት መጋረድ? እጅ መስነፍ?»

«የለም። ክር ማስገባት ብቻ አቅቶኛል» አለች መርፌ። ከዚያ የእህቷን ነገር ስታወራ እንባዋ ቀደማት። ሐኪሟ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«እህትሽን የጣላት ግፊት ሳይሆን አይቀርም፤ የአንቺ ግን ደህና ነው። ክኒኑን መቼ መቼ ትወስጃለሽ?»

«በየቀኑ።»

«አንዱ ጥፋተኛ ተያዘ። ማስታገሻ ሲዘወተር እሱው ራሱ ራስ ያሳምማል። ተይው። ውኃ ጠጪ፣ ቁርስ ብዪ፣ ከጨርቁ ቀና እያልሽ አንገትሽን አፍታቺ፣ ዓይንሽንም ተመርመሪ። መጀመሪያ ይብስብሻል፤ አትደንግጪ። ያልኩሽ ምልክት ከታየ ግን ሮጠሽ ነይ።»

እውነትም ባሰባት። «ሐኪሟ ተሳስታ ነው እንጂ» እያለች ትራስ ስትነክስ ባሏ ደረሰባት። ሁሉንም ዘረገፈችለት። «ለእኔ ሳትነግሪኝ?» አለ።

ሕመሙ ቀስ በቀስ ላላ። መነጽር አደረገች፤ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠጋች፤ አለቃዋ ሲያጉረመርም ሰምታ እንዳልሰማች ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች። አሁንም አልፎ አልፎ ያማታል። ያኔ ቀድሞ የሚነሳው ፍርሃቱ ነው፤ የሐኪሟን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለራሷ እየጠየቀች፣ «የለም፣ የለም» እያለች ታባርረዋለች።

ባሏንም «አንተም ተለካ» ብላ ነዝንዛ ወሰደችው። አንድም ቀን ራሴን ብሎ የማያውቀው ሰውዬ ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒት ተጀመረለት። መርፌ ለራሷ መፍራቱን ሳትጨርስ፣ ለእሱ መፍራት ጀመረች።