አባቴ ዋስ የሆነበት የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ

1959 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል። ከዚያ ወዲያ ክፍል አልቆጠርኩም። ሰሞኑን ይህን ያስታወሰችኝ ተከራዬ ናት። ሓድነት ሰፈር ካለው ቤቴ አንዲቱን ክፍል የተከራየች፣ ከጎጃም የመጣች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ማታ ደክሟት ትገባና ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ፣ «አቦይ፣ እነዚህ ልጆች ሰዋስው ስጀምር እንቅልፋቸው ይመጣል። ምን ላድርጋቸው?» ትለኛለች። ድንጋይ ጠራቢን መጠየቋ ነው እንግዲህ።

እኛም እንተኛ ነበር። መተኛት ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ በመስኮት ዘለን ፍርድ ቤት ደጃፍ ሙግት ልንሰማ እንሄድ ነበር። ያኔ ከሙግት የሚጥም ጨዋታ የለም። የእንግሊዝኛ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ በጠራራ ፀሐይም ሹራብ የማያወልቁ። አንድ ቀን ተከትለውን መጡ። ይቆጡናል ስንል፣ ከኋላችን ቆመው ሙግቱን እስከ መጨረሻው አዩ።

በሳምንቱ ክፍሉን ችሎት አደረጉት። ዐረፍተ ነገር ያበላሸ ይከሰሳል። ከሳሽና ተከሳሽ እንደ ጥንቱ ቁራኛ የነጠላቸው ጫፍ አንድ ላይ ይቋጠራል፤ ተከሳሹ አርሞ እስኪናገር ወይም ዋስ እስኪያገኝ አብረው ይውላሉ፣ ሽንት ቤትም ቢሆን። ዳኛው ከእኛው ነው፤ ሙግቱ በእንግሊዝኛ። ዋስ የሚለውን ብቻ ስለማናውቀው በራሳችን ቋንቋ እንለዋለን። ይገርማችኋል፣ በመስኮት የሚዘል ጠፋ። እኔ ሰው ለመክሰስ ብዬ ያን ሁሉ ግሥ ሸመደድኩ። ትምህርት የጣመኝ ያኔ ነው።

ኅዳር ላይ፣ አጨዳ ደርሶ ነፋሱ ገለባ ሲበትን፣ ሐጎስ የሚባል ምላሰኛ ከሰሰኝና ተቋጠርን። እኔ ደግሞ አልተሳሳትኩም ብዬ ችክ አልኩ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታና «ዋስ ጥራ!» አለ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ከቁሓ ድንጋይ በአህያ ጭኖ አድርሶ ሲመለስ፣ ጥዬው የወጣሁትን ሕምባሻ ሊሰጠኝ ጎራ ማለቱ ነው። ቅንድቡ በድንጋይ ብናኝ ነጭ ሆኗል። ያየው ልጁ በቁራኛ ታስሮ ዋስ ሲጠየቅ ነው።

«ኣነ ዋሱ!» አለ። ዋሱ እኔ ነኝ ማለቱ ነው።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሐጎስ አያርፍም፣ «አቦይ፣ ምን ያስይዛሉ?» አለው።

«ሁለት በሬ አለኝ። ሁለቱንም ያዙ፤ ልጄን ፍቱት።»

ሳቁ ባሰ። መምህሩ ትግርኛ አያውቁም፤ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ፈገግታቸው ጠፋ። ከወንበራቸው ተነሥተው አባቴን እጅ ነሡትና፣ ጨዋታ መሆኑን ንገራቸው አሉኝ። ነገርኩት።

«ጨዋታ?»

«ትምህርት ነው፣ አቦይ።»

«እኔ የተናገርኩትስ?»

አባቴ ሕምባሻውን መስኮቱ ላይ አኖረና ወደ አህዮቹ ሄደ።

እስካሁን የሚቆጨኝ ያች ሰዓት ናት። መምህሩን «ዋስትናውን ተቀበሉት» ብላቸው ያደርጉት ነበር። ዳኛው «ተቀብለናል» ቢል፣ ሐጎስ ቋጠሮውን ቢፈታ፣ አባቴ ልጁን አስፈትቶ ቀና ብሎ ይወጣ ነበር። ለዚህ የሚበቃ እንግሊዝኛ ነበረኝ፤ ያውም እዚያው ችሎት የተማርኩት።

ለተከራዬ፣ «ችሎቱን ሞክሪው፣ ይነቃሉ። ብቻ ወላጅ ብቅ ቢል እንደ ችሎቱ ሽማግሌ አክብራችሁ አስገቡት» አልኳት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች።

አባቴ ዋስ በሆነኝ ቀን ማታ ነገሩን አላነሣም። ትምህርት ተው ያለኝም የለም፤ አባቴ ወደተሳቀበት ክፍል መመለስ የከበደኝ እኔው ነኝ። ጠዋት ሳይነቃ ተነሥቼ መዶሻና መሮውን ይዤ ወደ ድንጋይ ካባው ወጣሁ። ዘግይቶ ደረሰና ከላዬ ቆመ።

«ትምህርትህስ?» አለኝ።

«ዛሬ የለም» አልኩት፤ ድንጋዩን ከመምታት ቀና ሳልል።