አምስት ሲኒ ያበላሸ ሽቶ

ሽቶው ርካሽ ነው። ዋጋውን አይደለም የምለው፤ ዋጋውን ወንድሜ ነግሮኝ አያውቅም። ጠባዩ ነው ርካሽ።

ካርቶኑ ላይ ለሁለት የተቆረጠ ብርቱካን፣ አንድ ሎሚና የዛፍ ግንድ ተስሏል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ለወንዶች፣ ለየቀኑ የሚሆን ነው ተብሎ ተጽፏል። የትኛው ወንድ፣ የትኛው ቀን፣ አይናገርም። ጠርሙሱ አራት ማዕዘን ነው። ክዳኑ ብረት ይመስላል እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ አንድ ቀን መሬት ላይ ሲወድቅ በድምፁ አውቄበታለሁ።

ሲረጩት መጀመሪያ ሎሚ ይመጣል። ሎሚ ግን አይደለም። እኛ ጓሮ የሎሚ ዛፍ አለ፤ ቅጠሉን በጣት ሲያሹት እንኳ ዓይን የሚያስጨፍን ሽታ ይወጣዋል፤ ምሬትም አለበት። የዚህኛው ሎሚ ምሬት የለውም። ማንንም ላለማስቀየም የተጠነቀቀ ሎሚ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይና ሳያስታውቅ ይሄዳል። በእሱ ቦታ እንጨቱ ይመጣል።

ስለ እንጨት ትንሽ አውቃለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር አንድ ዓመት ያህል አናጺ ቤት ሠርቻለሁ። ዋንዛ ሲላግ ምን እንደሚሸት፣ ቀረሮ ሲሰነጠቅ ምን እንደሚሸት፣ ዝናብ የገባበት ሰጋቱራ በሦስተኛው ቀን ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የሽቶው እንጨት ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ቀለም ተቀብቶ የተዘጋ ቁም ሳጥን ነው የሚሸተው፤ ውስጡ የማንም ልብስ ያልተሰቀለበት። ቦንጋን የመሰለ አገር፣ ከቤት ወጥተው ግማሽ ሰዓት ቢሄዱ ጫካ ውስጥ የሚገባበት አገር እየኖረ፣ ሰው ይህን ገዝቶ አንገቱ ላይ ይረጫል።

ወንድሜ ይወደው ነበር። «ነበር» የሚለውን ገና አልለመድኩትም። በክረምቱ መጨረሻ ከዋጫ ሲመለስ ሞተር ብስክሌቱ ጭቃ ላይ አንሸራተተው። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አንድ የቡና ላኪ መጋዘን ውስጥ ቀማሽ ነበር። ሥራው ከየወረዳው የሚመጣውን ቡና ናሙና ቀምሶ ደረጃ መስጠት ነው። ቀማሽ ሽቶ አይቀባም። ሽታ ባለው ሳሙናም አይታጠብም፤ ጠዋት ሽንኩርት አይበላም፤ ሲጋራ ካጨሰ ሰው ጎን አይቆምም። ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ የቀማሽ አፍንጫ ደግሞ በትንሽ ነገር ይሳሳታል። ስለዚህ ለየቀኑ የተባለው ሽቶ ከመስኮቱ ላይ የሚነሣው በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ብቻ ነበር። እሑድ ጠዋት አንዴ አንገቱ ላይ፣ አንዴ የእጁ አንጓ ላይ ይረጭና ሁለቱን አንጓዎቹን እያፋተገ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እኔ የግድግዳ ቀለም ሸተትክ እለዋለሁ። እሱ «አንተ ሰጋቱራ፣ ዝም በል» ይለኛል። ሌላ ስለ ሽቶው የተነጋገርነው ነገር የለም።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ጎረቤቶች ስለ እሱ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ ጥሩ ጥሩ የሚሸት ልጅ ነበር አለች። ሌሎቹም አዎ፣ አዎ አሉ። ወንድሜ እኔን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራው የሚሮጥ ሰው ነበር፤ የእናቴን ጣራ ብቻውን የቀየረ ሰው ነበር። ከዚህ ሁሉ፣ በሰው አእምሮ ውስጥ የቀረው ያ ጠርሙስ ነው። ያን ቀን ሽቶውን ይበልጥ ጠላሁት።

አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ ልብሶቹን ለሚለብሱ ሰዎች ሰጠች። ሽቶውን ግን ለማን እንደምትሰጥ ጠፋት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሽቶ አይቀባም፤ ሐዘን ለሌለበት ሰው ደግሞ የሟች ሽቶ አይሰጥም መሰለኝ። እዚያው መስኮት ላይ ቀረ።

በአርባው ቀን የቅምሻ ክፍሉ ኃላፊ መጥቶ ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ሊወጣ ሲል በር ላይ ያዘኝና ሥራ እንዳለኝ ጠየቀኝ። አናጺ ቤቱ ተዘግቷል አልኩት። «ሰኞ ና እስቲ» አለኝ። «የአንድ እናት ልጆች አፍንጫ ይመሳሰል እንደሆነ እናያለን።»

ያንን ቦታ በጣም ፈለግኩት። ሥራ ስላልነበረኝ ብቻ አይደለም። ወንድሜ የቆመበት ጠረጴዛ ጎን ሌላ ሰው እንዲቆም አልፈለግኩም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ አፍራለሁ። ሕጉን አውቃለሁ፤ ከወንድሜ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ግን ኢንተርቪው የምሄድ መሰለኝ። ወንበር ላይ አስቀምጠው ስለ ትምህርቴ የሚጠይቁኝ፣ አመልክት የሚሉኝ፣ ከዚያ ሂድና እንደውልልሃለን የሚሉኝ። ኢንተርቪው የሚሄድ ሰው ይታጠባል፣ ሸሚዝ ይተኩሳል። እኔም ታጠብኩ፣ ተኮስኩ። ከዚያ ጠርሙሱን አነሣሁና አንገቴ ላይ አንዴ፣ አንጓዬ ላይ አንዴ ረጨሁ። አንጓዎቼን አፋተግኩ። እየናቅኩት ነው የረጨሁት። ፈርቼ ነበር፤ እሱ አይፈራም ነበር።

ጋሼ ጠዋት አልነበረም፤ ሺሺንዳ ያለ መጋዘን ለማየት ሄዶ ረፋድ ላይ ይመለሳል ተባለ። ክፍሉ ውስጥ ናሙና የምታዘጋጀው ሴት ብቻ ነበረች፤ ከወንድሜ ጋር የሠራች ናት። ልትጨብጠኝ ቀረብ ብላ ድንገት ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው። አልቅሳ ፊቷን ልታናፍስ ነው ብዬ አሰብኩ።

ኢንተርቪው አልነበረም። ነጭ ጋዎን አለበሰችኝና ጋሼ እስኪመጣ ሥራ ተለማመድ አለችኝ። ከቢታ ገነት አንድ ገበሬ የጭነት መኪና ሙሉ ቡና ይዞ ግቢ ውስጥ እየጠበቀ ነበር። ከየከረጢቱ የተቀዳውን ናሙና ራሷ ቆልታ ፈጨችው። እኔን በሚዛን እየለካሁ አምስት ሲኒ ውስጥ እንዳደርግ አዘዘችኝ። በማንኪያ ነው የሚጨመረው። ማንኪያው አንዳንዴ ያጎድላል፤ የጎደለውን በጣቴ ቆንጥሬ ሞላሁ። ያኔ ሽቶ ተቀብቻለሁ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ከመስኮቱ ነፋስ ገባ፤ የተፈጨው ቡና እንዳይበተን ብዬ መዳፎቼን ሲኒዎቹ ላይ ከደንኩ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ሲመጣ ቅምሻ ላይ ተለማማጅ አይገባም ተብዬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ከገበሬው ጎን ተቀመጥኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ በአገሩ ቋንቋ፣ በከፊኛ አወራን። ቡናቸውን ከእንጨት ርብራብ ላይ አድርቀው፣ ዝናብ ሲመጣ ሸፍነው፣ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ አይተው እንዳመጡት ነገሩኝ። የዘንድሮው ጥሩ ነው አሉኝ። አመንኳቸው።

ጋሼ ወረቀት ይዞ ወጣ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

«አባባ፣ ቡናውን ከምን ጋር ነው ያስቀመጡት?»

«ከምንም» አሉ። አማርኛቸው አጭር ነው።

«ሳሙና? የፀጉር ቅባት? ባዕድ ሽታ አለበት። አምስቱም ሲኒ ላይ አለ። ይህን ልቀበል አልችልም፤ መኪናው ይመለሳል።»

ሽማግሌው ወደ መኪናው አዩ። ከዚያ ምራታቸው ገበያ ላይ ሳሙና እንደምትሸጥ፣ ካርቶኑንም ቡናው ባለበት ክፍል እንዳታስገባ ነግረዋት እንደነበር ተናገሩ። ነግሬያት ነበር፣ ነግሬያት ነበር አሉ። ወደ እኔ ዞረው በከፊኛ ቀጠሉ። ዛሬ ቤት ስገባ ዕቃዋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

እዚህ ላይ ቶሎ ተናገርኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኛል። አልተናገርኩም። ጋሼ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ እኔም ሲጽፍ አየሁት። ከተናገርኩ ያ ጠረጴዛ እንደሚቀርብኝ አውቃለሁ። ካልተናገርኩ ደግሞ አይቻት የማላውቅ ሴት ልጆቿን ትታ ስትወጣ ነው የሚታየኝ። ልጆች እንዳሏት እንኳ አላውቅም፤ እንዲያው ታየኝ። ስለዚህ እጄን ዘረጋሁለት።

ጋሼ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ አንጓዬን ያዘና፣ ያልተቆላ ቡና እንደሚያሸት ሰው፣ ቀስ ብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ቶሎ አልለቀቀኝም።

«የእሱ ነው» አለ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ራቅ ብለህ ቁም እለው ነበር።» እጄን ለቀቀው። በሩ ላይ ወደ ቆመችው ሴት ዞረ። «አንቺስ አልሸተተሽም?»

«ሸቶኛል፣ ጋሼ። ሐዘን ላይ ያለን ልጅ ምን ልበለው?»

«ቡናው ሐዘን የለበትም» አለ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። እሷ አውቃ መስኮት ከፈተች እንጂ አልነገረችኝም፤ እኔም ሐዘኔን እንደ መታወቂያ ይዤ ገብቼ በሰው ቡና ላይ አራገፍኩት።

ጋሼ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቃቸውና ቅምሻው እንደ አዲስ እንዲሠራ አዘዘ። ሽማግሌው የሞተው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እግዜር ያጽናህ አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ሽቶውን ግን ጣለው አሉ፤ ምራቴን ያለ ጥፋቷ ላባርር ነበር።

ቧንቧው ጋ ሄጄ በአመድ ታጠብኩ። ከዚያ በቡና አተላ አሸሁት፤ ከዚያ እንደገና በአመድ። ቆዳዬ ቀላ። ሎሚው ድሮ ጠፍቷል፤ እንጨቱ ግን አልለቅ አለ። የዚህን ሽቶ ጥንካሬ የሚጠይቅ ሰው ካለ መልሱ ይኸው ነው፤ ሦስት ጊዜ ቢታጠቡትም አያፍርም።

አዲሶቹን አምስት ሲኒዎች ሴትየዋ ብቻዋን አዘጋጀች። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በር ላይ እንድቆም ተፈቀደልኝ። ጋሼ በማንኪያ እየቀዳ፣ በኃይል እየሳበ፣ ጠረጴዛው ጎን ባለው ባልዲ ውስጥ እየተፋ አምስቱንም ሄደባቸው። ንጹሕ ነው አለ። ደረጃውን ጻፈ። ውጭ ሽማግሌው ሲነገራቸው መኪናው ላይ ወጥተው ሸራውን ራሳቸው መፍታት ጀመሩ።

እኔ ጋዎኑን አውልቄ አጣጠፍኩት። ለማን እንደምሰጠው እየፈለግኩ ሳለ ጋሼ ጠራኝ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሲኒዎች ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቀዝቅዘው ቆመዋል። ማንኪያ ሰጠኝ።

«ቅመስ።»

እንዳየሁት አድርጌ ሳብኩ። አሳለኝ። አፌ ውስጥ ያለው ነገር ቆሻሻ ነበር፤ እሑድ ጠዋት ነበር፤ እኔ ነበርኩ። ጋሼ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀኝ።

«መጥፎ ነው።»

«መጥፎማ እኔም አውቃለሁ። ሌላስ?»

እንደገና ቀዳሁ። ጊዜ ወሰደብኝ። ሽቶው ከላይ ነው አልኩት፤ ከሥሩ ግን ቡናው አለ። ደህና ቡና ነው። ኮረሪማ፣ ኮረሪማ ይላል፤ መጨረሻው ላይ ማር ይመስላል።

ጋሼ ቅድም የጻፈበትን ወረቀት አንሥቶ አየ። ለእኔ አላሳየኝም። ከዚያ ባልዲውን ተመለከተ፤ ከዚያ እኔን።

«የት ተፋኸው?»

«ዋጥኩት።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

የተጣጠፈውን ጋዎን ከእጄ ወሰደና በሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለው።

«ነገ ትተፋለህ» አለኝ።