እማዬ መሪ የጨበጠችበት ዓመት

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በታች ባለው ዳገት ላይ ለማጅ ሹፌሮች ይለማመዳሉ፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ በመስኮት በገባ ቁጥር ጠመኔዬን እንደያዝኩ ለአፍታ እቆምና፣ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ወዳለው የልጅነት ግቢያችን እመለሳለሁ።

አባዬ በአሮጌ ፒካፕ ጨው፣ ሳሙናና ስኳር ጭኖ ከጅማ ወደ የቡ ከተማ ሱቆች ያመላልስ ነበር። ትምህርት በሚዘጋበት ክረምት እኔም ጋቢና አጠገቡ ተቀምጬ፣ በየመንገዱ ዳር የተጻፈውን ሁሉ እያነበብኩለት እሄድ ነበር። «የኔ አስተማሪ፣ ያኛውስ ምን ይላል?» ሲለኝ ንባብ የሚያስጠናኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት እማዬ ዘመድ ልትጠይቅ አብራን ተሳፈረች። አስፋልቱ ረጥቧል። አባዬ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ «ሰሚራ፣ ያ ጥቁሩ ላም ነው ጉድጓድ?» አለኝ።

«ሰውዬ ነው አባ! ጃንጥላ የያዘ!»

ፍሬኑን ረገጠው፤ ፒካፑ ተንሸራትቶ ሲቆም ሰውየው እየተራገመ ተሻገረ። እማዬ እስኪርቅ ጠብቃ፣ «አባ ሰሚራ፣ መኪናውን የምትነዳው ልጅቷ ናት እንዴ?» አለች።

«ጭጋጉ ነው እንጂ።»

«ጭጋጉስ ዓይንህ ውስጥ ነው።»

መስከረም ሲጠባ አባዬ ሄዶ ተመረመረ፤ ሐኪሙም ዓይኑ በመነጽር የሚመለስ እንዳልሆነ፣ ከእንግዲህም መንዳት እንደሌለበት ነገረው። ፒካፑ ግቢ ውስጥ ቆመ። የቡና ለቀማው እየደረሰ ስለነበር ሱቆቹ ብዙ ዕቃ የሚፈልጉበት፣ እኛም የዓመት ቀለባችንን የምናገኝበት ጊዜ ነበር፤ አባዬ ግን ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እያሻሸ፣ ለማንም ሹፌር አልሰጥም ብሎ ሳምንታት አሳለፈ። በመጨረሻ እማዬ፣ «ለባዳ ካልሰጠህ እኔን አስተምረኝ» አለችው። ሳቀ፤ የሚስቀው ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

እማዬ ማሰልጠኛ ገባች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡና ገና ባልተሰጣበት ባዶ ሜዳ ላይ ፒካፑ እንደ እንቁራሪት ሲዘልባት፣ አባዬ «ሱታ! ቀስ አድርገሽ ልቀቂው!» እያለ ያስተካክላት ነበር። መንዳት መሪ ማዞር ብቻ እንዳልሆነ ከሁለቱ ተማርኩ። «መንገዱ ሲረጥብ ከፊትሽ ካለው መኪና ራቂ፤ እንቅልፍ ከመጣ ዳር ይዘሽ ቁሚ፤ ጫት የቃመ ሰው ደግሞ ልቡ ያብጣል እንጂ ዓይኑ አርቆ አያይም» ይላት ነበር።

ለቀማው ሳያልቅ፣ በበጋው አንድ ቅዳሜ መንጃ ፈቃዷን ይዛ፣ ስፖኪዮውን አስተካክላ፣ «ቢስሚላህ» ብላ እኔንና አባዬን አሳፍራ ወደ የቡ ተነሳች። አንድ የባጃጅ ሾፌር ከኋላ፣ «አዴ፣ መንገዱን ያካፍሉን እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«ካልቸኮልክ ለሁላችንም ይበቃል!»

አባዬ ከጎኗ ተቀምጦ ፍሬን በሌለበት ወለሉን እየረገጠ የቡ ደረስን። ባለሱቁ፣ «ሹፌር ቀጠርክ?» ሲለው ካርቶኑን እያወረደ፣ «እኔን ነው የቀጠረችኝ፤ ዕቃ አውራጅ» አለው። ሁላችንም ሳቅን፤ በዚያ ለቀማ ቤታችን አልጎደለበትም።

ዘንድሮ እኔም መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ባለፈው ሳምንት እማዬ እየነዳች ከሰኮሩ ወደ ጅማ ስንመለስ ፀሐይዋ ከፊታችን እያዘቀዘቀች ነበር፤ የእማዬ ፀጉር አሁን ሸብቷል። ዳር ይዛ ቆመችና፣ «ብርሃኑ ዓይኔን እየጋረደኝ ነው፤ ነይ አንቺ ንጂ» ብላ ወረደች። ያኔ አባዬ ለመቀበል ሳምንታት የፈጀበትን ነገር፣ እማዬ ሞተሩን እንኳ ሳታጠፋ ተናገረችው።